ምድር ቤት የከረሙ ቀይ ወይኖች ልቀምስ ሄጄ

ጓደኛዬ አባቱ ጋ ወይን እንቅመስ ብሎ ሲጠራኝ መንገዱ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም፣ ባቡር፣ ከዛ አውቶብስ፣ ከዛ ደግሞ ዳገት በእግር። ጋሼ ግን ገና ቦርሳችንን ሳናወርድ "በሉ መጀመሪያ ታች ውረዱ" አሉን።

ምድር ቤቱ ቀዝቀዝ፣ ጨለም ያለ ነው፣ ቴርሞሜትሩ 13 ዲግሪ ይላል፣ ጠርሙሶቹ ሁሉ በጎናቸው ተጋድመዋል፣ ምክንያቱም ቡሹ ወይኑ ካልነካው ይደርቅና አየር ያስገባል። ጋሼ ወይኑ ስለተጠመቀበት ዓመት ብዙም አያወሩም፣ የሚያስጨንቃቸው ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ነው፣ ልክም ናቸው፣ ምርጥ ዓመት የተባለውን ወይን ምድጃ አጠገብ ካከረሙት ምን ዋጋ አለው።

የምንቀምሳቸውን ከትናንት ጀምረው አቁመዋቸዋል፣ አተላው እንዲዘቅጥ። የ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሮሎ፣ የጣልያን ቀይ ወይን ነው፣ ቡሹ በጣም ስለለሰለሰ በተለመደው መክፈቻ ቢሞከር ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ሁለት ቀጫጭን ምላስ ያለውን በቡሹና በጠርሙሱ መሃል ቀስ እያሉ አስገብተው እያዞሩ ሳቡት። ከዛ የኔን ስልክ ፍላሽ ከጠርሙሱ አንገት ስር አስይዘውኝ ሳያቋርጡ ወደ ዲካንተሩ (ወይን የሚገለበጥበት የመስታወት ዕቃ) ቀዱ፣ ጥቁር ክር የመሰለው አተላ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ! ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) እና ቀለሙ በዓመታት ብዛት እየተያያዙ ነው የሚዘቅጡት፣ ያረጀ ቀይ ወይን ቀለሙ የሚሳሳውም ለዛ ነው፣ ይሄም ጠርዙ ላይ የሸክላ ቀለም ይዟል። ሽታው የደረቀ ጽጌረዳና ሬንጅ፣ ታኒኑ ግን አሁንም ድድ ይይዛል። ጓደኛዬ "የቀሩት ገና አስር ዓመት ይቆያሉ" ሲል ጋሼ "እኔንስ ማን ያቆየኛል" ብለው ሳቁ።

አንዱ ጠርሙስ እርጥብ ካርቶን ሸተተ፣ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ሲንክ ውስጥ ተደፋ።

የ1990ው ቦርዶ፣ የፈረንሳዩ፣ እንደተከፈተ ቆዳና ትምባሆ ሸቶ ጉድ አሰኘን፣ ጓደኛዬ አየር ያግኝ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጋሼ "ይሄ ጊዜ የለውም፣ ጠጣው" አሉት፣ አልሰማም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽታው ጠፍቶ ኮምጣጣው ብቻ ቀረ። ብዙ አየር የሚያምርበት ወጣት ወይን ነው፣ ሽማግሌውን ቀድቶ ወዲያው ነው።

እውነት ለመናገር ቶሎ ያለቀው የ2004ቱ ሪዮሃ ግራን ሬሴርቫ ነው፣ ረጅም ጊዜ ከርሞ የሚሸጠው የስፔን ወይን። በሕጉ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ ቫኒላው ይሸታል፣ ፍሬውም አልጠፋም። እኔ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን ነው፣ ጋሼ ግን በባሮሎው ድርድር የለም።