በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ወይን

ዛሬ ባሮሳ ሸለቆ ዋልን። ከአውስትራሊያዋ አደላይድ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ታኑንዳ ላይ ሜትቩርስት የሚሉትን የተጨሰ ቋሊማ ቀመስን። በ1840ዎቹ የመጡት ጀርመኖች ሙያ ነው። ሚጥሚጣ ቢያገኝማ!

የቀኑ ጉድ ግን ሴፐልትስፊልድ የሚባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ከ1878 ጀምሮ በየዓመቱ ጣፋጭ ወይን በበርሜል ያስቀምጣሉ። መቶ ዓመት ሲሞላው ለገበያ ያወጡታል። ቀድሞ ለተመዘገበ ጎብኚ ደግሞ ከተወለደበት ዓመት በርሜል ይቀዱለታል።

እኔ ሆዬ ስመዘገብ 1979 ብዬ ጽፌያለሁ። በእኛ አቆጣጠር! አስጎብኚዋ በርሜሉ ፊት ስታቆመኝ ነው የባነንኩት። ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። እኔ ጭጭ አልኩ። ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚል። ማን ይመልሰዋል?

ስንመለስ መኪናውን እሷ ነዳች። እስከ ቤት ድረስ "ጋሼ" እያለችኝ።