መጀመሪያ ወንፊቱን ፈትኑ

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ፣ ከባዛልቱ በታችና ከኖራ ድንጋዩ በላይ የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር ይታያል። በሰሜን ምዕራብ ደጋችን «ሙገር» ከሚባለው ጭቃ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን (የዳይኖሰሮች ዘመን) አጥቢ እንስሳ ጥርስ መገኘቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዲት ጥርስ ናት! የቅርስ ጥናት ፈቃድ ይዘን እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጥርሶችን ፍለጋ አፈር ስናጥብ ትልቁ ስህተታችን «እዚህ የለም» ለማለት መቸኮል ነበር፤ አፈሩ ባዶ ይሁን ወይስ ወንፊቱ ጥርሱን አሳልፎት ይሁን አልለየንም።

ስለዚህ ጉጉት ከምትተፋው ድብልብል 30 የአይጥ መንጋጋ ጥርሶች ለቅመን፣ ጥፍር ቀለም ቀብተን፣ 10 ኪሎ አፈር ውስጥ ቀላቀልናቸው። ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት የመለሰው 11 ብቻ ነው። በ0.5 ሚሊ ሜትሩ 27 ተገኙ። የገበያ የዱቄት ወንፊት ስትገዙ ቀዳዳውን ብቻ አትቁጠሩ፤ የሽቦው ውፍረትም ይቀነሳል።

አፈሩ በደንብ ካልደረቀ ውሃ ውስጥ አይፈርስም። በመጋቢት ፀሐይ ሦስት ቀን በሸራ ላይ ይበቃዋል፤ ነሐሴ ላይ አትሞክሩት። እምቢ ያለውን ጓል፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ከእሳት ርቃችሁ ላምባ ውስጥ አሳድሩትና ላምባውን አጥልላችሁ ሙቅ ውሃ ጨምሩበት። እርጥብ ከሆነ ላምባው አይገባም። ከዚያ ወንፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ማንጓለል ነው። በእጅ ማሸት የጥርሱን ሥር ይሰብራል፤ ኃይለኛ አሲድ ደግሞ ከኖራው ጋር ጥርሱንም ይበላዋል።

የደረቀውን ቅሪት ጥቁር ወረቀት ላይ በማንኪያ እያሰራጫችሁ፣ በ10 እጥፍ ማጉያ፣ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ልቀሙ። በወረንጦ የተያዘ ጥርስ ተፈናጥሮ ይጠፋል።

መለየቱ ነው ጣፋጩ። ሾጣጣና ባለ አንድ ሥር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተሳቢ ወይም የዓሣ ነው። ሁለት ሥር ያለው የመንጋጋ ጥርስ ወደ አጥቢ ያመራል፤ የፊት ጥርሶች ግን በአጥቢም ባለ አንድ ሥር ናቸው፣ አትታለሉ። ቀጥሎ የታችኛውን የመንጋጋ ጥርስ የኋላ ጫፍ እዩ። በጥንታዊዎቹ አጥቢዎች ሦስት ጉብታዎች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ሥራቸው መቁረጥ ነው። ኋላ ላይ ሙቀጫ የመሰለ ጎድጓዳ ካለ፣ የላይኛው ጥርስ ዘነዘና ሆኖ ይገባበታል፤ መቁረጥና መውቀጥ በአንድ ጥርስ። አምቦንድሮ የተባለው የ167 ሚሊዮን ዓመቱ የማዳጋስካር አጥቢ ሙቀጫው አለው። የሙገሯ ጥርስ በጥያቄ ምልክት (በእርግጠኝነት ሳይሆን) የተመደበችበት ፔራሙራ የተባለው የጥንት አጥቢዎች ወገን ግን ሙቀጫው ገና ጅምር ነው።

የተለቀመውን ቅሪት ቁጥር ጽፋችሁ በከረጢት አስቀምጡ። ያመለጡን ሦስቱ ባለ ቀለም ጥርሶች ሁለቱ የተገኙት እዚያው ውስጥ ነው፣ ሌላ ሰው ሲለቅመው።