ፍንዳታውን ፍለጋ ሄጄ

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤው የት አለ ብትሉኝ፣ ግማሹ ጋራዤ ውስጥ በሩዝ ከረጢት ነው፤ ግማሹ ከቀድሞው ጸሐፊ ጋር ዳላስ ገብቷል። አምና «የእድሩን ታሪክ ጻፍልን» ተባልኩና ጭንቅ ያዘኝ። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ጓደኛዬ «መጀመሪያ ሌሎች እንዴት እንዳስቀመጡ ሄደህ እይ» አለችኝ። ሄድኩ።

አትላንታ ውስጥ ኡበር የነዳ ሰው ፒችትሪ ጎዳና ላይ ያለውን የአይሁድ ምኩራብ ያውቀዋል። ጉልላት አለው፣ ፊቱ ላይ አምዶች ቆመዋል። ሕንፃው የ1931 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ጉባኤው ግን ከ1867 ጀምሮ አለ። ሁሉም ሰው «ዘ ቴምፕል» ነው የሚለው። ቦምብ እንደፈነዳበት ሰምቼ ነበር። ከዚያ ያለፈ አላውቅም።

በዚያ ዘመን የነበሩት ረቢ፣ የጄኮብ ሮትስቻይልድ ወረቀቶች ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ዐሥረኛ ፎቅ። ቦርሳ ውጭ ይቀራል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ማውጫውን ኢንተርኔት ላይ አይተህ፣ የሳጥኑን ቁጥር መርጠህ አስቀድመህ ታዛለህ። ሳጥኑ ሲመጣ አንድ ፎልደር ብቻ ታወጣለህ፤ እሱን ሳትመልስ ሌላው አይነካም። ልጅ ሆኜ የደብሩን ብራና እንዳልነካ የተቆጡኝ መሪጌታ ትዝ አሉኝ።

ስህተቴ የጀመረው ከትዕዛዙ ነው። የኦክቶበር 1958ን ብቻ አዘዝኩ።

ያገኘሁት ትልቅ ነገር ነው፣ አልዋሽም። ኦክቶበር 12፣ እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም 50 ያህል ፍሬ ድማሚት የሕንፃውን አንድ ጎን ደረመሰው። ሰው አልተጎዳም። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ሕፃናት ለትምህርት ይገቡ ነበር። ከንቲባው ዊልያም ሃርትስፊልድ ፍርስራሹ ላይ ቆመው አወገዙ። የጋዜጣ አዘጋጁ ራልፍ ማክጊል በጻፈው ርዕሰ አንቀጽ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመ። ከየአቅጣጫው የማጽናኛ ደብዳቤ ጎረፈ። አምስት ሰዎች ተከሰሱ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሞ በነጻ ተለቀቀ፣ በሌሎቹም ላይ የተፈረደ ነገር የለም።

ይህን ብቻ አንብቤ ብወጣ ኖሮ «ከተማው እንዴት ይወዳቸው ነበር» ብዬ እጽፍ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲዋደድ እንደማየት ነው። ሰው ቤተሰቡን ለማወቅ ከለቅሶው በፊት ያለውን መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሮትስቻይልድ ከፒትስበርግ የመጡት በ1946 ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ረቢ ዴቪድ ማርክስ 51 ዓመት አገልግለዋል። ማርክስ ጉባኤያቸው ከጎረቤቱ እንዳይለይ የሚደክሙ ሰው ነበሩ፤ በጸሎት ጊዜ ኮፍያ ማድረጉን አስቀሩ፣ እሑድ እሑድም ጸሎት አስጀመሩ። ምክንያት ነበራቸው። በ1915 ሊዮ ፍራንክ የሚባል የአትላንታ አይሁዳዊ የፋብሪካ ኃላፊ በመንጋ ከእስር ቤት ተጎትቶ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ላይ ተሰቅሏል። ያን ያየ ትውልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖርን መረጠ። አዲሱ ረቢ ደግሞ በ1948 የዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) ስብከታቸው ላይ በጥቁሮች ላይ ስለሚደርሰው በደል በግልጽ ተናገሩ፣ ከዚያም አላቆሙም። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ሐሳቡን ባይጠሉትም ጩኸቱን ፈሩ። እውነተኛው ታሪክ ያለው እዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ነው፤ እኔ ዘልዬው ነበር።

ሰነድ ማንበብ ቃሉን ብቻ ማንበብ እንዳልሆነም እዚያው ገባኝ። በ1957 ሰማንያ የአትላንታ ቄሶች ዘረኝነትን የሚቃወም መግለጫ ፈርመው አወጡ። የሮትስቻይልድን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። «ፈሩ እንዴ?» አልኩ። ለካ መግለጫውን ሲያረቁ አብረው ነበሩ። አገላለጹ ግን በክርስቲያን ስም የተጻፈ ስለሆነ አልፈረሙም። ዝርዝሩን ብቻ አይቼ ብጽፍ ኖሮ ሰውዬውን በድያቸው ነበር።

የቦርድ ቃለ ጉባኤ ደግሞ የትም ያው ነው። «ውይይት ተደርጎበታል» ይላል። ማን ጠረጴዛ እንደመታ አይጽፍም። እኔም ስንቱን ጠብ «በስፋት ከተነጋገርን በኋላ» ብዬ እንዳለፍኩት አውቃለሁ። ስለዚህ ቃለ ጉባኤን ከደብዳቤ፣ ደብዳቤን ከስብከት ጋር እያመሳከሩ ማየት ነው። ጊዜ ይፈጃል።

ሌላ ቂልነቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ሰማንያ ገደማ ፎቶ በስልኬ አነሳሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው የትኛው ከየትኛው ሳጥን እንደሆነ ጠፋኝ። ድጋሚ ሄድኩ። አሁን መጀመሪያ የፎልደሩን መለያ ነው የማነሳው፣ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ።

ከሁሉም የቀረበኝ ግን ወረቀቱ ራሱ ነው። ሲይዙት ይንኮሻኮሻል፤ ካርቦን ኮፒው ከመሳሳቱ የተነሳ የሥሩ ወረቀት ፊደል ያሳያል። ጥግ ላይ ስቴፕለር የነበረበት ቦታ ሁለት ቡናማ የዝገት ነጥብ ቀርቷል። ከፍንዳታው በኋላ ባለው ዓርብ ማታ ምኩራቡ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ ረቢው «እናንተን እዚህ ለማምጣት ይህ ነው የሚያስፈልገው?» ዓይነት ቀልድ ጣል አድርገው ነው የጀመሩት። የስብከቱን ርዕስ ሳነብ የማውቀው መሰለኝና በስልኬ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትኩ። ሚክያስ 4፥4፦ ሰው ሁሉ ከወይኑና ከበለሱ በታች ይቀመጣል፣ የሚያስፈራውም የለም። ብዙ ደቂቃ እሱ ላይ ቆየሁ። የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ሰዓቱ ደርሷል ብሎ መጣ።

የዳላሱን ሰውዬ ደውዬ ለመንኩት። ካርቶኑ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰ። አሁን ማታ ማታ ስቴፕለሮቹን እየነቀልኩ ነው።