ገና፣ ባለ ነጥቧ

ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ቤቱ ቡና ቡና ይሸታል፣ ልጆቹም ግቢውን በጩኸት ሞልተውታል። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ አጭር መልእክት ይልኩልኝ የነበሩት የአማርኛ መምህሬ በኅዳር ወር ዐርፈዋል።

ጋሼ ስለ ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ አውርተው አይጠግቡም ነበር። «ደራሲው» ብለን ብቻ ከጠራናቸው ይቆጡናል። በጎጃም አድባራት ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የገቡ፣ ራሳቸውም ጠመኔ ይዘው ያስተማሩ፣ ጠላት ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው የተማረኩ፣ በኢጣሊያ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል የታሰሩ፣ ከተፈቱም በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን አገራቸውን ያገለገሉ፣ በዚህ ሁሉ መካከልም የትምህርት ሚኒስትር የሆኑ ሰው መሆናቸውን በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝሩልናል። ሚኒስትርነቱ ብዙ አልቆየም፤ ጋሼ ግን ከሹመቶቹ ሁሉ የሚያስበልጡት እሱን ነበር፤ «ጠመኔ የነካው እጅ ነዋ የፈረመው!» ይሉ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ቢላቸው እምቢ ማለታቸው። ወንበር ለመነው እንቢ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ስንት እንዳየን እናንተው ቁጠሩ።

ሀዲስ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብወለድ በሚጠብቁት፣ ማለትም ጠንከር ተደርገው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ጋሼ ይህን ያስተማሩን ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ በታኅሣሥ መግቢያ ነው። ሰሌዳው ላይ «ገና ገና ነው» ብለው ጻፉና አንዱን ልጅ «አንብብ» አሉት። ልጁ ሁለቱንም አላልቶ አነበበና እኛም እሱም ግራ ገባን። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ በመጀመሪያው «ና» አናት ላይ በጠመኔ ጠብ አደረጉባት። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ በዓሉ እውነትም አንድ ወር ያህል ይቀረው ነበር። በውል ቃላት ላይ ሲከራከር የኖረ ዲፕሎማት አንዲት ፊደል ብትላላ ምን እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ልጅ ያስተማረ ሰው ደግሞ አንባቢ የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል። ነጥቧ የሁለቱ ልጅ ትመስለኛለች። አለመለመዷ ዛሬም ያናድደኛል።

የጋሼን የማስተማሪያ ደብተር ለእኔ ያወረሱኝን እትዬን፣ በዚያ ሁሉ የመንገድ ችግር ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣልኝን የሚኒባስ ሹፌር፣ በቀብሩ ዕለት የእኔን ቦታ ሸፍኖ የቆመልኝን አብሮ አደጌን፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት እየደወለች አብራኝ ያለቀሰችውንም የክፍል ጓደኛዬን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በጎጃም በራቸው ተዘግቶ በከረሙት ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ላይ በዓልን ለምታሳልፉ መምህራን፣ ደወላችሁ ተደውሎ ልጆቻችሁ እየተሯሯጡ ሲመጡ ለማየት ያብቃችሁ። ያን በር ማስከፈል ለምትችሉ ባለሥልጣናትና ጠመንጃ ለያዛችሁም ሁሉ፣ ዶሮ ወጡ እንዲጣፍጣችሁ ከመመኘቴ በፊት የልጆቹን የክፍል ደረጃ እንድትቆጥሩ እመኝላችኋለሁ፤ አምና ስንተኛ ነበሩ፣ ዘንድሮስ ስንተኛ ናቸው?

የአምናው የጋሼ መልእክት አልጠፋም። «እንኳን ለገና አደረሰህ። ስልኬ ነጥብ አያወጣም፤ አንተ ጨምርባት» ይላል። እኔ ደግሞ ማን እንደሠራው የማላውቀውን፣ ከሰው የደረሰኝን የበዓል ሥዕል መልሼ ልኬላቸው ነበር። ትናንት ማታ መልእክቱን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ በእጄ ገለበጥሁትና ነጥቧን በቦታዋ አኖርኋት።