ደብዳቤው የማይደርሳቸው መኪኖች

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው እንግዳ በጎንደር በብዛት በሚታይበት ሰሞን፣ አዘዞ ላይ ጋራዥ የከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና «ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት ብቅ ይበሉልኝ፤ ብቻዬን ልወስነው ያልፈለግሁት ሥራ መጥቶብኛል» አለኝ። እኔ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ መምህር ነኝ። ልጁ ሥራ አይቶ የማያመነታ መሆኑን ስለማውቅ ነገሩ አሳሰበኝና ከክፍል እንደ ወጣሁ በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ የቆመው ሞተርሆም ነበር፤ ከነመኝታው፣ ከነምድጃውና ከነማቀዝቀዣው አገር ለአገር የሚዞር መኪና። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ሱዳንን አቋርጠው በመተማ በኩል የገቡ ናቸው። ጎንደር ባደሩ በማግስቱ፣ አገር ቤት ያለችው ልጃቸው በአድራሻቸው የመጣ አንድ ደብዳቤ ፎቶ አንሥታ በስልክ ላከችላቸው። ደብዳቤው ከአምራቹ የተጻፈ የደኅንነት ጥሪ፣ ማለትም ሪኮል የሚባለው ነው። እንደዚህ ያለ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሌላው የመኖሪያውን ክፍል መብራት፣ የውኃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ያሠራል። ደብዳቤው እንደሚለው ከሁለተኛው ባትሪ የሚነሣው ዋና ገመድ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሊፋቅና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ መኪናው በአምራቹ ጋራዥ እስኪታረም ድረስ ያ ባትሪ ተፈትቶ መቆየት አለበት።

ወንበሩን አንሥተን በባትሪ መብራት ተመለከትን። ጣት የሚያክለው ቀይ ገመድ የወለሉን ቆርቆሮ በስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በቀዳዳው ዙሪያ መኖር የነበረበት የጎማ ቀለበት የለም። ቀይ ሽፋኑ በአንድ ጎኑ ተፍቆ አብረቅርቋል፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ሁለት የመዳብ ክሮች ጣቴን ነኩኝ። በቆርቆሮው ጠርዝ ላይም የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደነበር የምትመሰክር። የመተማን መንገድ ንቅናቄ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ፊውዙ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠው ዕቃ ነበር። የተተከለው ከባትሪው አጠገብ ሳይሆን ገመዱ ክንድ ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ከተፋቀው ቦታ ወዲያ ማዶ ነው። ስለዚህ ገመዱ ብረቱን ቢነካ፣ ፊውዙ ምንም ሳይሰማው ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ያፈስሳል።

ብዙ ሰው «12 ቮልት ምን ያደርጋል? ቢነኩትም አይዝም» ይላል። አለመያዙ እውነት ነው፤ ማቃጠሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 1,200 ዋት የሚወስድ ዕቃ በቤታችን 220 ቮልት ላይ አምስት አምፒር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ያው ዕቃ በ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ ሲሠራ ግን በገመዱ ውስጥ 100 አምፒር ማለፍ አለበት። ሙቀቱ ደግሞ ከአምፒሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ገመዱ ብረት ነክቶ ሾርት ሲያደርግማ ከባትሪው የሚወጣው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ነው። ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ከዚያም በአካባቢው ያለው ስፖንጅና እንጨት ይያያዛል። ሞተርሆም ውስጥ ደግሞ ሰው ተኝቶ ያድራል፤ የምግብ ማብሰያ ጋዝም አብሮ አለ።

ተማሪዬ የጎማ ቱቦ ሰንጥቆ ገመዱን ሊያለብሰው፣ ፊውዙንም ወደ ባትሪው ሊያስጠጋው ይችል ነበር፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። የጠራኝም ይህን ያድርግ ወይስ አያድርግ ለመመካከር ነው። እኔ ደብዳቤውን እንከተል አልኩ። የተፋቀው በዓይናችን ያየነው አንድ ቦታ ነው፤ ያው ገመድ በግድግዳው ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንደሚያልፍ የሚያውቀው ንድፉን የሠራው ነው። እኛ አንዱን አሳምረን ብንመልስላቸው በልባቸው ተማምነው ይተኙበታል። ስለዚህ የሁለተኛውን ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተን፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለን አሰርነው፤ የተጋለጠውንም ሸፈንነው። ባልና ሚስቱ ሆቴል አደሩ፤ ወደ ደባርቅም በኪራይ መኪና ሄዱ።

እነርሱ ከሄዱ በኋላ ተማሪዬ እጁን እየታጠበ «ጋሼ፣ ለእኛ መኪኖችስ ደብዳቤው ለማን ነው የሚላከው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ጥሪው የሚሠራው አድራሻ ሲኖር ነው። በጀርመን፣ ፍሌንስቡርግ ከተማ ያለው የፌዴራል የተሽከርካሪ ባለሥልጣን የመኪና ባለቤቶችን መዝገብ በአንድ ማእከል ስለሚይዝ ደብዳቤው የአሁኑን ባለቤት ፈልጎ ያገኘዋል። በአሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣውና በ1974 በተሻሻለው ሕግ መሠረት አምራቹ የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ ለባለቤቶች በደብዳቤ ማሳወቅና ጉድለቱን ያለ ክፍያ ማረም ግዴታው ነው። የእኛ መኪኖች አብዛኞቹ ግን በሁለት በሦስት ሰው እጅ አልፈው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ደብዳቤ ቢጻፍ እንኳ የሚደርሰው መኪናውን ከዓመታት በፊት ወደ ሸጠው ሰው ቤት ነው።

የዚህን ክፍተት አደጋ ለመረዳት ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን የአየር ከረጢት (ኤርባግ) ማስታወስ ይበቃል። ከረጢቱን የሚነፋው መሣሪያ ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ለረጅም ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ባሕርዩ ይለወጥና፣ በግጭት ጊዜ ማቀፊያ ብረቱን ሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ ሾፌሩ ይረጨዋል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል፤ በታሪክ ትልቁ የመኪና ጥሪም ይኸው ነው። እንግዲህ ክረምት ከበጋ መተማና ሁመራ ሲመላለስ የኖረ አሮጌ መኪና ምን ዓይነት ሙቀትና እርጥበት እንደተፈራረቀበት አስቡት።

ደብዳቤው ካልመጣልን እኛ ወደ እርሱ እንሂድ ማለቴ ነው፤ መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። ሊብሬያችሁን አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትና ሌሎችም ብዙ መኪኖች 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ቁጥር አላቸው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ነው። ከሊብሬው ብቻ አትገልብጡ፤ ከመኪናው አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር አስተያዩት። በ17ቱ መካከል አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ሊብሬው ላይ ኦ ካያችሁ ጸሐፊው ዜሮን ተሳስቶ ጽፎታል ማለት ነው፤ በዚያ ቁጥር ብትፈልጉ ምንም አታገኙም። ትክክለኛውን ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ፣ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም በአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ገጽ ላይ ማስገባት ይቻላል። ክፍያ የለውም። ጥሪ ከተገኘ ወረቀቱን አትማችሁ ለአምራቹ ወኪል አቅርቡ። ነጻ ጥገናው እዚህ ባይፈቀድላችሁ እንኳ፣ ባለሙያችሁ የት ቦታ ከፍቶ እንደሚያይ ያውቃል፤ ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር አለኝ፣ ከልቤ ነው የምለምነው። ፊውዝ የተቃጠለበትን ሚኒባስ ወይም ባጃጅ በመዳብ ክር ጠቅልላችሁ አትልቀቁ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። የ15 አምፒር ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ፣ ያ ገመድ ከ15 በላይ እንዳይጫንበት እየነገራችሁ ነው። በመዳብ ክር ብትተኩት ቀጥሎ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው የገመድ እስር ነው፤ ያኔ ከኋላ 12 ሰው ተቀምጧል።

በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ የሻንሲ ቁጥራችን በመርማሪው ይነበባል። ያንኑ ቁጥር በዚያው ወንበር ላይ እያሉ ከጥሪ መዝገብ ጋር ማስተያየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ የሚመለከታቸው ክፍሎች ይህን ቢያስቡበት በጣም ደስ ይለኛል።

ባልና ሚስቱ አገራቸው ከገቡ በኋላ የታረመውን ቦታ ፎቶ ልከውልን ነበር፤ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ቀለበት ገብቷል፣ ፊውዙም ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ተተክሏል። ከግድግዳው ጀርባም ሌሎች ሁለት የተፋቁ ቦታዎች ተገኝተው ገመዱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ተማሪዬ ፎቶውን አሳትሞ ጋራዡ ውስጥ ሰቅሎታል፤ ከሥሩም «መኪናዎን ሲያመጡ ሊብሬዎን ይዘው ይምጡ» የሚል በእጁ ጽፎበታል።