አንድ ጣሳ ጨርቅ

ታኅሣሥ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ አቦሉ እስኪወርድ የስፓኒሽ መጠጦችን እንከልስ።

ውሃ «አጓ» ነው። «ጓ» የምትባል ፊደል ስላለችን አፍ አይቸገርም፤ ድምፁ ግን «አ» ላይ ይበርታ። መከራው ጾታው ነው። አጓ ሴት ናት፤ ሆኖም በበረታ «አ» ስለምትጀምር «ላ አጓ» አይባልም፣ ሁለቱ «አ» እንዳይጋጩ «ኤል አጓ» ይባላል። ወንድ መስላ ትገባና ቅጽሏ ያጋልጣታል፦ ቀዝቃዛ ውሃ «ኤል አጓ ፍሪያ» ነው፤ «ፍሪዮ» ያለ ወደቀ። ሲበዛ ደግሞ «ላስ አጓስ» ብላ ወደ ሴትነቷ ትመለሳለች።

ቡና፣ ማለትም ካፌ፣ ወንድ ነው። «ኡኖ ካፌ» የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ «ኡኖ» ከወንድ ስም ፊት ሲመጣ ጅራቱ ይቆረጣል፣ «ኡን ካፌ»። ወተት (ሌቼ) እና ቢራ (ሰርቤሳ) ሴቶች ናቸው። ጭማቂ ስፔን ውስጥ «ሱሞ» ሲሆን በአብዛኛው አገሩ «ሱ»ን የሚሏት ምላሳቸውን በጥርስ መሀል አድርገው ነው፤ ላቲን አሜሪካ ሲሻገር «ኹጎ» ይሆናል። ትንሿ የድራፍት ብርጭቆ በስፔን «ካኛ» ናት፤ «ዳኛ» ስንል እንደምናደርገው «ኛ»ን ማጥበቅ አይገባም።

አረቄስ? «አጓርዲየንቴ»፣ ሲፈታ የሚነድ ውሃ። የእኛን አገር አረቄ ቀምሶ ያወጣው ስም ይመስላል። ጠጅ «ኢድሮሚየል»፣ ብርዝ «አጓሚየል»። ሜክሲኮ ላይ ግን አጓሚየል ያዘዘ ብርዝ አይመጣለትም፤ እዚያ ከቃጫ ዘመድ ተክል የሚቀዳ ጣፋጭ ውሃ ነው።

ጠላ ላይ ነገሩ ቆመ። «ሰርቤሳ» ቢሉት ጌሾው ይቀርና ጠርሙስ ይመጣል። ስሙን እንዳለ መተው ይሻላል፤ ግን ስፓኒሽ ጾታው ያልታወቀ ስም አያስገባም። እኛማ እንደ ስሜታችን ነን፤ የኮመጠጠ ቀን «ጠላው»፣ የጣፈጠ ቀን «ይቺን ጠላ ቅመሷት»። በ«አ» ስለሚያልቅ «ላ ጠላ» እንበል ቢባል ደግሞ ስፓኒሽ «ጠ» የለውም፣ «ላ»ንም አያጠብቅም። ጆሯቸው የሚሰማው «ላ ቴላ» ነው። ቴላ ጨርቅ ማለት ነው።

አንድ ጣሳ ጨርቅ፣ እባክዎ።

«ኤል ጠላ» ቢባልስ? ወንድ ሲሆን ጨርቅነቱ ይለቀው ይሆን? እትዬ «በረካው ቀዘቀዘ እኮ» እያሉ ነው። አቦሉን ማን ጠጣው?