የማውቀው ውሸት

አባቴ ሬዲዮ የሚያዳምጡት በግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ቤታችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮናቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው አንቴናውን ወደ ሐይቁ ያዞሩታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «በውኃ ላይ የሚመጣ ድምፅ የሚያደናቅፈው የለም» ይሉኝ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም ድረስ አላጣራሁም። ሬዲዮኑ የእሳቸው ይሁን እንጂ አድማጩ ብዙ ነበር፦ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት፣ አልፎ አልፎም ከዘጌ ቡና ይዘው መጥተው የመመለሻ ጀልባ ያመለጣቸው የእናቴ ዘመዶች።

ምሽቱ የሚጀምረው በ1 ሰዓት በጀርመን ድምፅ ነው። 2 ሰዓት ላይ የመንግሥት ዜና ይከተላል፤ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ ይመጣል። አንዱን ጉዳይ በአንድ ምሽት ከሦስት አፍ ከሰሙ በኋላ ክርክሩ ይነሣል። አባቴ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውን ተረት የሚወዱት በከንቱ አልነበረም፤ የመንግሥት ዜና «ጥቂት ፀረ ሰላም ኃይሎች» ሲል ስንት ሰው ማለት እንደሆነ፣ የውጭው ሬዲዮ «ምንጮች እንደገለጹልን» ሲል ምንጩ ከየትኛው ወገን ሊሆን እንደሚችል፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ይመነዝሩት ነበር።

በፖለቲካ ግን አይስማሙም። አባቴ የሚመርጡት የገዢውን ግንባር የኢሕአዴግን የንብ ምልክት ነበር። ልብስ ሰፊው በ1997 ዓ.ም. ድምፁን ለተቃዋሚው ቅንጅት የሰጠ ሰው ነው፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀም። በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን የተላለፉትን የፓርቲዎች ክርክር አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተከታተሉት፤ አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ሻዩን ያማስላል። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የሰፈራችን መንገድ ጠጠር እንደሚለብስ በየምርጫው ዋዜማ ቃል ይገባ ነበር፤ በየክረምቱ ደግሞ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይውጠናል። አባቴ ይህን ከማንም በላይ እያማረሩ መልሰው ያንኑ ይመርጣሉ። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ይዋሻሉ፤ አውቃለሁ። ግን የእነሱን ውሸት አውቀዋለሁ። የትኛው ቃል እንደሚፈጸምና የትኛው ለጆሮ ብቻ እንደተነገረ ከአነጋገራቸው እለየዋለሁ። የሌላውን ውሸት ገና ልማረው ነው።»

ይህች መልስ ለብዙ ዓመታት የአንድ ገራገር ሰው መልስ ትመስለኝ ነበር። አሁን የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ በክፍል ውስጥ የማስተምረውም መራጭ ቃሉን ያጠፈ ተመራጭን በሚቀጥለው ምርጫ እንደሚቀጣው ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ መረጃ ሲገኝ ውሸት ይጋለጣል፣ ውሸት ሲጋለጥ ድምፅ ይነፈጋል። በቀመሩ ውስጥ ለአባቴ የሚሆን ቦታ የለም። ውሸቱ ተጋልጦላቸዋል፤ ድምፃቸውን ግን አልነፈጉም።

የአባቴን መልስ እንደገና እንድመረምራት ያደረገኝ የአሜሪካ ፖለቲካ ነው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዶናልድ ትራምፕ በመጀመሪያው የአራት ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው የተናገሯቸውን ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ነገሮች እየቆጠረ ሲመዘግብ ቆይቶ መዝገቡን የዘጋው በ30,573 ነው። በእኔ ቀመር መሠረት ይህ መዝገብ አንድን ፖለቲከኛ ደጋግሞ መቅበር ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ያገኙት ድምፅ 63 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2020 ቢሸነፉም 74 ሚሊዮን ደረሰ፤ በ2024 ደግሞ ወደ 77 ሚሊዮን አድጎ መልሶ አነገሣቸው። ውሸቱ ሲቆጠር ድምፁም አብሮ እየጨመረ ሄደ ማለት ነው። መዝገቡን ያዘጋጁት ጋዜጠኞች ሥራቸውን አጓደሉ ለማለት አይደለም፤ መዝገቡን ያነበበውና ድምፁን የሰጠው የተለያየ ሰው ስለነበረ ብቻም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ለትራምፕ ደጋፊዎች የእሳቸውን ሐሰተኛ ንግግር ካቀረበ በኋላ እርማቱን አሳያቸው። ደጋፊዎቹ እርማቱን ተቀበሉ፤ በሐሰቱ ላይ የነበራቸውም እምነት ቀነሰ፤ ሊሰጡት ያሰቡት ድምፅ ግን ንቅንቅ አላለም። በቀጣዩ ዓመት ኦሊቨር ሃል የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰዎች ሥርዓቱ ወገናቸውን እንደገፋ ሲሰማቸው፣ በግልጽ የሚዋሸውን ሰው «ሐቀኛ ወኪላችን» ብለው ሊቀበሉት እንደሚችሉ አሳየ፤ ውሸቱን ስላላወቁ ሳይሆን ውሸቱ በሚጠሏቸው ሹማምንት ላይ የተወረወረ ድንጋይ ስለሚመስላቸው ነው። ይህን ሳነብ የማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጥሁ ያህል ተሰማኝ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይላሉ አበው፤ ታማኝነት በመረጃ ተገንብቶ በመረጃ የሚፈርስ ነገር እንዳይደለ ተረቱ ከጥናቱ ቀድሞ ነግሮናል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ሁሉንም ጠቀለሉ። እንዲህ ባለ ውጤት ውስጥ የትኛው ድምፅ የታማኝነት፣ የትኛው የፍርሃት፣ የትኛው «ማዳበሪያ እንዳይከለክሉኝ» ከሚል ስሌት የመጣ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የአሜሪካንን መራጭና የጎጃምን መራጭ በአንድ ሚዛን ላይ አላስቀምጥም። አባቴ ግን ፈርተው አልመረጡም፤ ፈርተው ቢሆን ኖሮ በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ያህል ሹማምንቱን አያሙም ነበር።

የተለወጠው ታዲያ ምንድን ነው? ፖለቲከኛ ድሮም ይዋሽ ነበር፤ ወገንተኝነትም አዲስ አይደለም። የተለወጠው ዜናው የሚፈራው አካል ይመስለኛል። ትናንት ጋዜጠኛ የሚፈራው ከላይ ያለውን ነበር። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ ካነሣሣው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ለማፈን መዘጋጀታቸውን በይፋ ተናግረዋል፤ አባቴም ከዚያ በፊትም በኋላም የአፈናውን ጩኸት ለማምለጥ የሬዲዮኑን ቁልፍ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ ሲያሽከረክሩ ያመሹ ነበር። ዛሬ የላይኛው ፍርሃት እንዳለ ሆኖ የታችኛው ተጨምሮበታል፤ ዜና አቅራቢው የራሱን ተከታይ ይፈራል።

ለዚህ ከአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፎክስ ኒውስ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ2020ው የአሜሪካ ምርጫ በኋላ የድምፅ መስጫ ማሽኖች አምራቹ ዶሚኒየን ድምፅ አጭበርብሯል የሚለውን ውንጀላ ሲያስተጋባ ከርሞ፣ ዶሚኒየን ከሶት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ለኩባንያው 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ በክሱ ሂደት የወጣው የውስጥ መልእክት ልውውጥ ነው። አቅራቢዎቹና ኃላፊዎቹ ውንጀላውን ራሳቸው አያምኑበትም ነበር፤ የሚያስጨንቃቸው ተመልካቹ እውነቱን ሲሰማ ተቆጥቶ ወደ ተፎካካሪ ጣቢያ መሄዱ ነው። በሬ ወለደን የፈጠረው ጣቢያው ብቻ አልነበረም፤ ተመልካቹም በሬው እንዲወልድለት ይጠብቅ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመለስ ይኸው ነገር በዩቲዩብ መልክ ይመጣል። «ሰበር ዜና» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት፣ ከይዘቱ ጋር የማይገናኝ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ከ20 ደቂቃ ንግግር በኋላ አንዲት ፍሬ የማይገኝበት ዝግጅት እንጀራ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 የሚቀጣው ተናጋሪውን ነው፤ በሚሰማው የሚደሰተውን አድማጭ ግን የትኛው አንቀጽ ይደርስበታል? ተከታዩ ደስ ካላለው ይሄዳል፤ ተከታዩ ከሄደ ገቢው ይሄዳል። በመሆኑም የመንግሥት ደጋፊውም ተቃዋሚውም ለየራሱ አድማጭ የሚጣፍጠውን ይጋግራል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ወሬው አብሮ ይቋረጣል ብለን ነበር። አልተቋረጠም፤ በአውቶብስና በስልክ ጥሪ መጣ፤ በመንገዱም ላይ ወለደ። አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላ ያደረግሁትን ግን ማንም ላይ ማሳበብ አልችልም። የተቃጠለ አውቶብስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየሁ፤ የእኔን ወገን በዳይ የሚያጋልጥ መሰለኝና ሳላመነታ አጋራሁት። ማታውኑ ታናሽ እኅቴ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ነው፤ ራስህ ፈልገው» አለችኝ። ፈለግሁት፤ እውነቷን ነበር። ያልኋትን አልረሳውም፦ «ይኼ ባይሆንም ሌላ ስንት አለ!» ፎቶግራፉን ያወረድሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም ተማሪዎቼ እንዳያዩብኝ ሰግቼ እንጂ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም። በጥናቱ ውስጥ እርማቱን ተቀብለው ልባቸው ካልተነቃነቀ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ስለ እምቦጭም ልጨምር። አረሙ በጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚበረታው ግን በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ቆሞ ሐይቁን የሚመለከት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ጥርት ያለ ውኃ ነው። በዚህ ምክንያት ዘመቻ በተካሄደ ቁጥር በከተማችን ሁለት ወገን ይፈጠራል፤ አንዱ «ሐይቁ ነጽቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፣ ሌላው «ሐይቁ አልቆለታል» የሚል ቪዲዮ ያሳያል። የመጀመሪያው አልዋሸም፤ ሁለተኛውም አልፈጠረም። ሁለቱንም የሚያስታርቃቸው ከዚያኛው ዳር የሚመጣ ሰው ነበር። ድሮ ከሌላ ዳር የመጣ ሰው የመመለሻ ጀልባ አምልጦት ከአባቴ ሬዲዮ ጎን ቁጭ ይል ነበር፤ አሁን በየስልካችን ውስጥ የሚመጣልን የራሳችን ዳር ሰው ብቻ ነው።

አባቴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ትራምፕ በፈረሙት ትእዛዝ ከ1,300 በላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራቸው ሲታገዱና ስርጭቱ ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ ልታፍነው የዛተችውን ድምፅ ከ15 ዓመት በኋላ በዚያው በመጋቢት ወር ዋሽንግተን ራሷ አጠፋችው። አባቴ ለጥቂት ቀናት ባትሪው የደከመ መስሏቸው አዲስ አስገዝተዋል። ነገሩን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም፤ «የራሳቸው ሬዲዮ አይደለም እንዴ?» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

አሁን የልጅ ልጃቸው ስልክ ይከፍትላቸዋል። ስልኩ አንድ ጊዜ የጀመሩትን ዓይነት ዝግጅት እያከታተለ ያቀርባል፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የሚሰሙት ሦስት አፍ ሳይሆን አንድ አፍ ነው። ባለፈው እሑድ ልብስ ሰፊው ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር፤ እሱም የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ማንጎው ሥር ተቀምጠው ሁለቱም ለየብቻቸው ሲሰሙ ቆዩና አባቴ የራሳቸውን አጥፍተው እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አንተ ጋ ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ የእኔን አይወዱትም፤ ይናደዳሉ።»

«ስጠኝ ስልህ!»

ሰጣቸው። አባቴ ስልኩን ተቀብለው በርጩማው ላይ አስቀመጡት፤ ድምፁ አንሶባቸው ቁልፉን ፈለጉ፤ ቀጥሎም ወደ ሐይቁ አዞሩት።